ጆሮ መስጠትና እጅ ማሰር፦ ያልተነገረው የሃውቶርን ፋብሪካ ታሪክ ግማሽ

ማኔጅመንት የተማረ ሰው ሁሉ ይህን ታሪክ ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ተመራማሪዎች መብራት ጨመሩ፤ ምርት ጨመረ። መብራት ቀነሱ፤ ምርት አሁንም ጨመረ። ለሠራተኞቹ የዕረፍት ደቂቃ ሰጧቸው፤ ጨመረ። ዕረፍቱን መልሰው ነሷቸው፤ እንደገና ጨመረ። በመጨረሻ ምስጢሩ ተገለጠ ተባለ። ሠራተኛን የሚያተጋው መብራቱም፣ ዕረፍቱም፣ ገንዘቡም ሳይሆን “ሰው አየኝ፣ ከቁም ነገር ቆጠረኝ” የሚለው ስሜት ነው ተባለ።

ታሪኩ ወደ መቶ ዓመት ተጠግቶትም ከዩኒቨርሲቲ ክፍል እስከ ሆቴል የሥልጠና አዳራሽ ይነገራል። ስለ ሠራተኛ የአእምሮ ጤና፣ ስለ መልካም የሥራ ግንኙነት በተነሳ ቁጥር ይጠቀሳል። ለአለቆች የሚጥም ታሪክ ነው። ደመወዝ ሳይጨምሩ፣ ሥልጣን ሳያካፍሉ፣ ትንሽ ፈገግታና ትንሽ ጆሮ በመስጠት ብቻ ሠራተኛን ማስደሰት ይቻላል የሚል ተስፋ ይሰጣልና።

ችግሩ ታሪኩ ግማሽ መሆኑ ነው። ሌላው ግማሽ ደግሞ ተደብቆ የቆየ ምስጢር አይደለም፤ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በየቀኑ ሲመዘግቡት የነበረ ነው።

ፋብሪካው ሃውቶርን ይባላል። ከቺካጎ ጥግ ባለችው በሲሴሮ ከተማ፣ በኢሊኖይ ግዛት ይገኝ ነበር። ባለቤቱ ዌስተርን ኤሌክትሪክ፣ ለአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ዕቃ የሚያመርተው ክንፍ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከ40 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ይሠሩበት ነበር። የራሱ ሆስፒታል፣ የራሱ የባቡር ሐዲድ፣ የራሱ የእሳት አደጋ ቡድን ነበረው። የማታ ትምህርት፣ የስፖርት ክበብ፣ የጡረታ ዕቅድ፣ ዓመታዊ ሽርሽር ሳይቀር ለሠራተኛው ያዘጋጅ ነበር። ሐምሌ 24 ቀን 1915 ለዚሁ ሽርሽር ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸውን ያሳፈረችው ኢስትላንድ የተባለች መርከብ ገና ከወደቡ ሳትርቅ ቺካጎ ወንዝ ላይ ተገልብጣ 844 ሰዎች አልቀዋል።

እንዲህ ያለው የአባትነት ወግ በዘመኑ በብዙ ትላልቅ ኩባንያዎች የተለመደ ነበር። ደግነት ብቻ ግን አልነበረም። ኩባንያው ራሱ የሚያጎርሰው ሠራተኛ የሠራተኛ ማኅበር አይፈልግም የሚል ስሌት ነበረበት።

የመብራቱ ሙከራ የተጀመረው በ1924 ነው። ጥናቱን የደገፉት መብራት የሚሸጡ ኩባንያዎች መሆናቸው ብዙ ጊዜ አይነገርም። የፈለጉትም ግልጽ ነበር፤ ብዙ አምፖል ያበራ ፋብሪካ ብዙ ያመርታል የሚል ማስረጃ። አላገኙም። ምርቱ ከመብራቱ ጋር የሚሄድ አልሆነም። በአንዱ ሙከራ ብርሃኑ ወደ ጨረቃ ብርሃን እስኪጠጋ ተቀንሶ እንኳ ሁለት ሠራተኞች ሥራቸውን ቀጥለዋል። አምፖል ሻጮቹ ነገሩን ተዉት፤ ኩባንያው ግን አልተወውም። ምርቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው መብራቱ ካልሆነ ምንድን ነው?

መልሱን ለመፈለግ በሚያዝያ 1927 አንዲት ትንሽ ክፍል ተዘጋጀች። ስድስት ሴቶች ተመረጡ። አምስቱ ገጣጣሚ፣ አንዷ ዕቃ አቀባይ። በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ አብዛኞቹ ከምሥራቅና ከሰሜን አውሮፓ የመጡ ስደተኞች ልጆች ነበሩ። ሥራቸው ሪሌ የሚባለውን፣ የስልክ መስመርን የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ መሣሪያ መግጠም ነው። አንዱ ሪሌ 35 ያህል ጥቃቅን ክፍሎች አሉት፤ የምትፈጥን ልጅ በአንድ ደቂቃ ገደማ ትጨርሰዋለች። ያለቀው በአሸንዳ ወርዶ ሲያልፍ ማሽን ወረቀት ላይ ቀዳዳ ይበሳል፤ በዚያ ይቆጠራል። በቀን ወደ 500 ማለት ነው፤ ነገም እንደዚያው፣ ከነገ ወዲያም እንደዚያው።

ከዚያ ለዓመታት ነገሮች እየተለዋወጡ ተሞከሩ። ጠዋትና ከሰዓት አምስት አምስት ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዚያ አሥር አሥር፣ ከዚያ ጠዋት ከመክሰስ ጋር አሥራ አምስት። የመውጫ ሰዓት ቀደም አለ። የቅዳሜ ሥራ ለጊዜው ቀረ። ምርቱ በዓመታት ውስጥ በአንድ ሦስተኛ ገደማ አደገ። ታዋቂው ክስተት የመጣው በ1928 መጸው ነው፤ ዕረፍቱም መክሰሱም ተነሥቶ ሴቶቹ ወደ ሙሉው የ48 ሰዓት ሳምንት ሲመለሱ የሳምንቱ ምርት ከመቼውም በላይ ሆነ። የመማሪያ መጽሐፍ ሁሉ የሚያጨበጭበው እዚህ ላይ ነው። በሰዓት ሲሰላ ምርቱ ቀንሶ እንደነበር፣ ጭማሪው የመጣው ብዙ ሰዓት ስለሠሩ መሆኑን የሚጨምር ግን ጥቂት ነው።

በዚያች ክፍል ውስጥ ግን እውነተኛ ደስታ ነበር፤ ይህን መካድ አይገባም። ሴቶቹ እንደ ቀድሞው ከመቶ የሚጠጉ ሰዎች በተሰበሰቡበት አዳራሽ፣ ፎርማን ከኋላቸው ቆሞ አልነበረም የሚሠሩት። ያወሩ ነበር። አንዷ ደክሟት ብታዘግም ሌላዋ ፈጠን ትልላታለች፤ ነገ ተራው ይገለበጣል። የልደት ቀን ያከብራሉ፣ ከሥራ ውጭም ይገናኛሉ። በየጊዜው ለሕክምና ምርመራ መሄድ መጀመሪያ ላይ አስጠልቷቸው ነበር፤ የወር አበባቸው ሳይቀር የሚመዘገብበት ምርመራ ማንን ደስ ይለዋል? በኋላ አይስክሬምና ኬክ ሲጨመርበት ወደ ግብዣነት ተቀየረ። ለውጥ ሲታሰብም ወደ ኃላፊው ቢሮ እየተጠሩ ሐሳባቸውን ይጠየቁ ነበር። ፋብሪካው ውስጥ ከነበረው ሕዝብ ስንቱ ነው እንዲህ ተጠይቆ የሚያውቀው?

ገንዘብም ነበረበት። በአዳራሹ የእያንዳንዷ ክፍያ በመቶ ገደማ ሰዎች ጠቅላላ ምርት ላይ ይሰላ ነበር፤ አንዷ ብትሮጥ ፍሬው ለመቶ ይከፋፈላል። በትንሿ ክፍል ግን አካፋዮቹ አምስት ብቻ ናቸው። የሮጠችው ሩጫዋን በደመወዝ ቀን ታየዋለች። ተመራማሪዎቹ ይህን ለመፈተሽ ሌሎች አምስት ሴቶችን ከአዳራሹ ሳያወጡ ክፍያቸውን ብቻ ለይተው አዩ። ምርታቸው ወዲያው በ12 ከመቶ ገደማ ጨመረ። ሙከራው ከዘጠኝ ሳምንት በኋላ ተቋረጠ፤ ምክንያቱም የተቀሩት የአዳራሹ ሠራተኞች “እኛስ?” ብለው አጉረመረሙ። ወደ ድሮው ሲመለሱ ምርቱም ወረደ። “ገንዘብ ቁም ነገር አይደለም” የሚለው ዝነኛ መደምደሚያ ይህን ውጤት እንዴት ሊያልፈው እንደቻለ ያስገርማል።

ከሁሉ የሚያስቆጨው ገጽ ግን በጥር 1928 የሆነው ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አምስት ገጣጣሚዎች ሁለቱ ወሬ ያበዙ ነበር። ይስቃሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ለተመልካቹም ቀጥ ያለ መልስ ይሰጣሉ። ሲጀመር ሁሉም እንደተመቻችሁ ሥሩ፣ ራሳችሁን አታጨናንቁ ተብለው ነበር። ሁለቱ ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። ምርታቸው እንደሚፈለገው አላደገም። ተገሠጹ፤ ወደ ቢሮ ተጠሩ፤ ወሬ ቀንሱ ተባሉ። ከሁለቱ አንዷ የመለሰችው ተመዝግቦ ይገኛል፤ ሐሳቡም እንደተሰማችሁ ሥሩ ትሉናላችሁ፣ እንደተሰማን ስንሠራ ደግሞ አይበቃችሁም የሚል ነው። ጥር 25 ቀን ሁለቱም ከክፍሉ ወጥተው ወደ አዳራሹ ተመለሱ። ምክንያቱ ወሬ ማብዛትና አለመተባበር ተባለ።

በምትካቸው ልምድ ያላቸውና ፈጣን የሆኑ ሁለት ሴቶች ገቡ። ከእነሱ አንዷ እናቷ ሞታባት የቤት ኃላፊነት ትከሻዋ ላይ የወደቀባት ልጅ ነበረች፤ ገንዘቡ በጣም ያስፈልጋታል። ምርቱ ዘለለ። እሷም ሳትሾም የቡድኑ መሪ ሆነች፤ ሌሎቹ ሲዘገዩ የምታፋጥን፣ ሲያወሩ የምትቆጣ። ፎርማኑ ከክፍሉ ወጥቶ ነበር፤ ችግር መልሶ በሌላ በር አስገባው ማለት ይቻላል። ሠራተኛን ስለ ማዳመጥ የሚወራው የዓለም ዝነኛ ታሪክ መሠረቱ ላይ፣ ተናገራችሁ ተብለው የተቀየሩ ሁለት ሰዎች አሉ።

ኤልተን ማዮ ወደ ሃውቶርን ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ከዚህ በኋላ፣ በሚያዝያ 1928 ነው። አውስትራሊያዊ፣ በ1880 አደላይድ የተወለደ፣ ሕክምና ጀምሮ ያልጨረሰ፣ በሃርቫርድ የቢዝነስ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር የነበረ ሰው ነው። ንግግር አዋቂ ነበር፤ የሮክፌለር ገንዘብም ከጀርባው ነበር። ማዮ የኢንዱስትሪ ጠብን የሚያየው እንደ ሐኪም ነው። ሠራተኛ ካመፀ፣ ካኮረፈ፣ ከተከራከረ፣ ችግሩ ከጥቅም ግጭት ሳይሆን ከድካም፣ ከብቸኝነት፣ ከተረበሸ አእምሮ ይመነጫል ብሎ ያምናል። ከተባረሩት ሴቶች የአንዷን አስቸጋሪነት እንኳ ከደም ማነስ ጋር አያይዞታል። የጤንነቷ ነገር እውነት ሊሆን ይችላል። ያነሳችው ጥያቄ ግን ደሟ ሲስተካከል የሚጠፋ ዓይነት አልነበረም።

ከመስከረም 1928 ጀምሮ ኩባንያው ትልቅ የቃለ መጠይቅ ዘመቻ ከፈተ። በሁለት ዓመት ገደማ ከ21 ሺህ በላይ ሠራተኞች ተጠየቁ። መጀመሪያ ጥያቄው የተዘጋጀ ነበር፤ ሰዎች ግን ከጥያቄው እየወጡ የራሳቸውን ጣጣ ማውራት ያዙ። ተመራማሪዎቹ ብልህ ውሳኔ ወሰኑ፤ ይናገር፣ አታቋርጡት፣ አትምከሩት፣ አትከራከሩት። ግማሽ ሰዓት ይፈጅ የነበረው ውይይት ከአንድ ሰዓት በላይ መውሰድ ጀመረ። ሆድ ይፍጀው ብሎ የኖረ ሰው ሁሉ ሆዱን ከፈተ። ስለ ቆሻሻ መታጠቢያ፣ ስለ ሙቀት፣ ስለ ሎከር፣ ስለ ፎርማን አድልዎ፣ ስለ ታመመች ሚስት፣ ስለ ዕዳ።

ይህ በራሱ ታላቅ ነገር ነበር። እስከዚያ ድረስ ፍሬደሪክ ቴይለር ያስተማራቸው መሐንዲሶች ሠራተኛውን በሰዓት መቁጠሪያ ሲለኩት እንጂ ምን ይሰማሃል ብለው ሲጠይቁት አልታየም። አንዳንድ የተነገሩ ጉድለቶችም ተስተካክለዋል፤ ስም እየተቀነሰ ቅሬታዎቹ ለተቆጣጣሪዎች ማሠልጠኛ ውለዋል። ነገር ግን በንባቡ ላይ አንድ መጠምዘዝ መጣ። ቅሬታ እንደ ክስ መታየቱ ቀርቶ እንደ በሽታ ምልክት መታየት ጀመረ። ማዮ ደጋግሞ የሚያወራው ምሳሌ አለ፤ አለቃዋን የምትጠላ አንዲት ሴት ስታወራ ስታወራ ጥላቻዋ አለቃው የእንጀራ አባቷን ስለሚመስል መሆኑን አወቀች ይላል። እንዲህ ያለ ነገር ይኖራል። ግን ከ21 ሺህ ሰው መካከል አለቃው በእርግጥ በዳይ ስለሆነ ብቻ የጠላው ስንት ይሆን? ዘዴው ይህን ለመጠየቅ የተሠራ አልነበረም።

ከኅዳር 1931 እስከ ግንቦት 1932 ደግሞ 14 ወንዶች በሌላ ክፍል ታዩ። የስልክ ማዞሪያ ሽቦ የሚያያይዙ፣ የሚበይዱና የሚፈትሹ ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ምርታቸው አልጨመረም፤ ሆን ብለው በልኩ ያዙት። በቀን ሁለት ዕቃ ይበቃል የሚል ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው። ከዚያ ያለፈውን ያላግጡበታል፣ ክንዱን በቡጢ ነካ ያደርጉታል። ያነሰ የሠራውን ደግሞ ጓዶቹን የሚበላ ይሉታል። ለአለቃ የሚያሳብቅ ከሁሉም የከፋ ነው። ክልክል ቢሆንም ሥራ ይለዋወጣሉ፣ ይረዳዳሉ። በአንድ ቃል፣ እርስ በርስ የጠነከረ፣ ከአለቃ ግን የተጠበቀ ግንኙነት ነበራቸው። ለምን ትቆጥባላችሁ ሲባሉ ብዙ ካመረትን ክፍያው ይቀነሳል ወይም ሰው ይቀነሳል ይሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ፍርሃቱን ስሜት እንጂ ስሌት አይደለም ብለው ጻፉ። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ክፍሉ ተዘጋ። ምክንያቱ ሥራ መጥፋቱ ነበር፤ ሠራተኛ እየተቀነሰ ነበር።

የኢኮኖሚ ቀውሱ ሃውቶርንን ክፉኛ መታው። ከ40 ሺህ በላይ የነበረው ሠራተኛ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ጥቂት ሺህ ወረደ። ለአምስት ዓመት ትንፋሻቸው ሳይቀር የተቆጠረው የሪሌ ገጣጣሚዎችም አልተረፉም፤ ከመካከላቸው እንደማንኛውም ሰው ከሥራ የተቀነሱ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ምዕራፍ ብዙም አይነገርም፤ ለዛሬው ዘመን የሚቀርበው ግን እሱ ነው። በ1936 ሃውቶርን ቋሚ የአማካሪዎች ክፍል አቋቋመ። አማካሪዎቹ በሥራ ቦታው እየተዘዋወሩ ከሠራተኛው ጋር ሆድ ለሆድ ያወሩ ነበር። የሰሙትን ለማንም አይናገሩም፤ ይህ ጥሩ ነው። ነገር ግን ምንም አያደርጉም፤ ሥራቸው መስማት ብቻ ነው። ሠራተኛው ወንበሩ ወገቡን እንደሚያመው ቢነግራቸው ስለ ስሜቱ እንዲያወራ ይረዱታል እንጂ ስለ ወንበሩ ለአለቃው አያነሱም። በ1948 ከ50 በላይ አማካሪዎች ነበሩ። ከ20 ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ ክፍሉ ተዘጋ። ጥቅሙን በቁጥር ማሳየት አልተቻለም ነበር።

አማካሪዎቹ ግን የኩባንያው ብቸኛ ጆሮዎች አልነበሩም። የሠራተኞችን መብት ጥሰት ሲመረምር የነበረው የአሜሪካ ሴኔት የላ ፎሌት ኮሚቴ ኩባንያዎች ሠራተኛቸውን ለማሰለል ያወጡትን ገንዘብ ሲያጋልጥ ዌስተርን ኤሌክትሪክም ከዝርዝሩ ውስጥ ተገኘ። ከ1933 እስከ 1936 ባሉት ዓመታት ከ25 ሺህ ዶላር በላይ ለጆሮ ጠቢዎች ከፍሏል። የሚፈለገው ማን የሠራተኛ ማኅበር እንደሚያደራጅ ማወቅ ነው። ስለ ቤቱ ጭንቀት የሚያወራ ሰው አማካሪ ተመድቦለታል፤ ከጓዶቹ ጋር ስለ ደመወዙ የሚያወራ ግን ሰላይ። አንዱ ንግግር ጤና ተባለ፣ ሌላው አደጋ።

የሃውቶርን ጥናት ሙሉ ዘገባ በፍሪትዝ ሮትሊስበርገርና በዊልያም ዲክሰን ተጽፎ በ1939 ወጣ፤ ለብዙ አሥርት ዓመታትም እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ተጠቀሰ። ትችቱ ቀስ ብሎ መጣ። በ1967 አውስትራሊያዊው አሌክስ ኬሪ ውጤቱን የሠራው ወዳጃዊ አያያዝ ሳይሆን ክፍያና ተግሣጽ ነው ብሎ ተከራከረ። ሪቻርድ ጊለስፒ በ1991 መዛግብቱን ገጽ በገጽ አገላብጦ አንድ ሙከራ ብዙ ትርጉም ሊሰጠው ይችል እንደነበር፣ የጸናው ግን የአስተዳደሩ ትርጉም መሆኑን አሳየ። ስቲቨን ሌቪትና ጆን ሊስት በ2011 የመብራቱን ሙከራ አሮጌ ቁጥሮች አግኝተው ሲያሰሏቸው ደግሞ ያ ሁሉ የተባለለት አስደናቂ ጭማሪ በቁጥሮቹ ውስጥ እንደተወራው ሆኖ አልተገኘም። መብራቱ የሚቀየረው እሑድ ነበር፤ ሰኞ ምርት ከፍ ማለቱ መብራት ባልተቀየረባቸው ሳምንታትም የሚታይ ነገር ነው።

ፋብሪካው በ1983 ተዘጋ። ከሰፊው ግቢ የቀረው አንድ የጡብ ማማ ነው፤ በዙሪያው የገበያ ማዕከል ተሠርቶበታል። ወረቀቶቹ ግን በሃርቫርድ ቤከር ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል፤ የምርት ሠንጠረዦቹ፣ በየቀኑ ስለ ሴቶቹ የተጻፈው ማስታወሻ፣ የተሳሳቁበትና የተቆጡበት ሁሉ። በሠንጠረዦቹ ላይ ገጣጣሚዎቹ በቁጥር ይጠራሉ። በጥር 1928 የገቡት ሁለቱ አንድ ቁጥርና ሁለት ቁጥር ሆነዋል፤ ከክፍሉ የወጡት ሁለቱ ደግሞ ቦታቸውን ለቀው፣ ለመለያ ያህል አንድ አጭር ፊደል ተቀጥላላቸው ተመዝግበዋል።